የራይን ወንዝ ማገዶ

ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ስማቸውን ያልገለጹ አንድ አንባቢ፣ «በአውሮፓ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የተጣሉት በምን ምክንያት ነው? ካቶሊኮቹስ ምን መልስ ሰጡ?» ብለው መጠየቃቸው ይታወሳል። አዘጋጆቹ ጥያቄውን ወደ እኔ የመሩት በአገር ቤት ሳለሁ ታሪክ አስተምር ስለነበረ ነው። አራት ሉክ ወረቀት ሰጥተውኝ «በዚህ ጨርስ» ብለውኛል። ስለዚህ ጠያቂዬ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥያቄውን የምመልሰው በሙሉ ሳይሆን የእኔን ልብ በያዘው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የትምህርት ቤቱን መልስ ባጭሩ ላስቀድም። በ1517 ማርቲን ሉተር የተባለ ጀርመናዊ መነኩሴና የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ ታድለው የነበረውን የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በመቃወም 95 ነጥቦች ጻፈ። ጽሑፉ በላቲን ቋንቋ ለሊቃውንት ክርክር የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ማተሚያ ቤቶች እጅ ገባና ብዙም ሳይቆይ ጀርመን አገርን አዳረሰ። በ1521 በቮርምስ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ በካርል አምስተኛ ፊት ቀርቦ ቃሌን አላጥፍም አለ፤ በሚከተለው ዓመት አዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ አሳተመ። ከመሳፍንቱ አንዳንዶቹ ከእምነት የተነሣ፣ አንዳንዶቹም ከቤተ ክርስቲያን መሬት ፍቅር የተነሣ ተከተሉት። ገበሬው ደግሞ የነጻነት አዋጅ የታወጀለት መስሎት በ1524 እና በ1525 ተነሣ። ሉተር ግን ከመሳፍንቱ ጎን ቆመ፤ በአሥር ሺሆች የሚቆጠር ገበሬም አለቀ። ከዚያም በዙሪክ ዝዊንግሊ፣ በጄኔቫ ካልቪን ተነሡ፤ እንግሊዝ አገር ንጉሡ ራሱ ከሮማ ተለየ።

የካቶሊኮቹ መልስ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ራስን ማረም ነው። ከ1545 እስከ 1563 በትሬንት ከተማ እየተቋረጠ የተካሄደው ጉባኤ የሃይማኖቱን ትምህርት አጽንቶ ጻፈ፤ ጳጳሳት ከሀገረ ስብከታቸው ርቀው በየቤተ መንግሥቱ እንዳይኖሩ አዘዘ፤ ካህን የሚሆን ሰው የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ወሰነ። በ1540 ፓፓው የፈቀደላቸው የኢግናጥዮስ ሎዮላ ማኅበርተኞች፣ ማለትም ኢየሱሳውያን፣ ትምህርት ቤት ከፍተው የመኳንንቱንም የድኻውንም ልጅ ማስተማር ጀመሩ። ሁለተኛው መልክ ማስገደድ ነው። በ1542 በሮማ የኑፋቄ መርማሪ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ በ1559 ማንም እንዳያነባቸው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ታተመ። ተማሪዎቼ ለፈተና የሚያጠኑት ይህንኑ ነበር።

እኔ ራሴ ስደተኛ ከሆንኩ ወዲህ ግን ያንን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ከንጉሡና ከጉባኤው ላይ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ሌሊት ከከተማው ሲወጣ ምን ተሸክሞ ወጣ? የት አደረ? ማን አስጠጋው? የሚለው ነው። ያ ዘመን አውሮፓ በሙሉ በመንገድ ላይ የነበረችበት ዘመን ነውና። የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ወደ ጄኔቫና ወደ ስትራስቡርግ ይሸሻል፤ የእንግሊዝ ካቶሊክ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሉቨንና ወደ ዱዌ ይሸሻል። ሕፃናትን ማጥመቅ አይገባም የሚሉት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይሸሻሉ፤ በ1527 የፕሮቴስታንቷ ዙሪክ ከመሪዎቻቸው አንዱን ፌሊክስ ማንትስን ወንዝ ውስጥ አስጥማ ገድላለችና። በራሽን ካርዳችን ላይ የተጻፈው «ሬፊውጂ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1598 በናንት ከተማ የወጣውን የመቻቻል አዋጅ ሉዊ አሥራ አራተኛ በ1685 ሲሽረው፣ ከ150 ሺህ የማያንስ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ወደ ሆላንድ፣ ወደ ጀርመንና ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ እንግሊዞችም ለነዚህ ሰዎች መጠሪያ ይሆን ዘንድ ቃሉን ከፈረንሳይኛ ወሰዱት። ስማችን ማለት ነው።

ጄኔቫን ተመልከቱ። በ1530ዎቹ መጨረሻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ1560 ከ20 ሺህ በላይ ሆናለች። የተጨመረው አብዛኛው ስደተኛ ነው። ለድኻው ስደተኛ መርጃ የሚሆን «የፈረንሳውያን ካዝና» የተባለ የገንዘብ ሣጥን በ1540ዎቹ ተቋቁሞ ነበር፤ ገንዘቡን በብዛት የሚያዋጡት ሀብት ይዘው የወጡ ስደተኞች ራሳቸው ናቸው። ዲያቆናት ተብለው የተሾሙ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደታመመ፣ ማን ልጅ እንደወለደች፣ ማን ሥራ እንዳጣ ይመዘግባሉ። ዳቦ ይሰጣሉ፤ ልብስ ይሰጣሉ፤ ለእጅ ባለሙያ የሥራ ዕቃ ይገዙለታል፤ እናቱ ለሞተችበት ሕፃን አጥቢ ይቀጥራሉ። የሒሳብ መዝገባቸው ከ1550 ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ያንን መዝገብ የሚያጠኑ ምሁራን ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም፤ እኔ ግን ብዙ ስም ያለበት መዝገብ ፊት ቆሞ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ነባሩ የከተማው ሰውም እንደየትም አገር ነው፤ ቤት ተወደደብን፣ ስብከቱንም ገበያውንም እንግዳ ያዘብን እያለ ያጉረመርም ነበር።

ከነዚያ ስደተኞች መካከል አንዱ ሮቤር ኤስቲየን የተባለ የፓሪስ አታሚ ነው። በ1550 ማተሚያ መሣሪያውን ነቅሎ ጄኔቫ ገባና በሚከተለው ዓመት ባሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ላይ ምዕራፎቹን በቁጥር ከፋፈለ። ዛሬ በየድንኳናችን «ምዕራፍ ሦስት ቁጥር አሥራ ስድስት» ብለን ስንገልጥ የምንጠቀመው የዚያን ስደተኛ አታሚ ቁጥር ነው፤ የሁሉም ቤተ እምነት መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ይታተማል።

የከተማዋ ዋና ሰባኪ ዣን ካልቪንም ስደተኛ ነበር። ከፈረንሳይ ሸሽቶ የወጣ፣ በ1538 ከጄኔቫም ጭምር ተባርሮ በ1541 በልመና የተመለሰ፣ የከተማዋን ዜግነት እስከ 1559 መጨረሻ ድረስ ያላገኘ ሰው ነው። ካልቪንን የማነሣው ለመክሰስ አይደለም። በሽተኛ ሰውነቱን ይዞ ሌት ተቀን የሠራ፣ ለራሱ ሀብት ያላከማቸ ሰው ነበር። ዳሩ ግን ስለ ስደተኛ ታሪክ ስጽፍ እሱን አልፎ መሄድ አይቻልም፤ ቀጥዬ የምነግራችሁ መምህርና እሱ በአንድ ቤት አድረው ያውቃሉና።

መምህሩ ሰባስቲያን ካስቴሊዮ ይባላል። በ1515 በሳቮያ አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሊዮን ከተማ ገብቶ ላቲንና ግሪክ ተማረ፤ የተሐድሶውን ትምህርት ተቀብሎ በ1540 ወደ ስትራስቡርግ ተሰደደ። (እኛ ዘንድ «ተሐድሶ» የሚለው ቃል ሌላ ጠብ እንደሚያስነሣ አውቃለሁ፤ እኔ የምለው የዚያን ዘመን የአውሮፓውን ነው።) ስትራስቡርግ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያስጠጋው ካልቪን ነበር። ካልቪን ወደ ጄኔቫ ሲመለስም ካስቴሊዮ የከተማው ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ለልጆች ላቲን ማስተማሪያ የሚሆን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በንግግር መልክ የቀረቡበት መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ሲሠራበት ኖሯል።

በ1543 ቸነፈር ጄኔቫ ገባ። በሆስፒታሉ የሚሞቱትን የሚያጽናና ሰው ሲፈለግ ከሰባኪዎቹ ብዙዎቹ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውንም ለከተማው ሸንጎ ሳይደብቁ ተናገሩ። ካስቴሊዮ ሰባኪ አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ሰው ነበር፤ ግን ልሂድ ብሎ ራሱን አቀረበ። ያም ሆኖ በሚከተለው ዓመት ሰባኪ ለመሆን ሲጠይቅ ተከለከለ። ምክንያቱ ሁለት ነው። መኃልየ መኃልይን የፍቅር ግጥም ነው ብሎ ያምናል፤ ጌታ ወደ ሲኦል ወረደ የሚለውንም ቃል ካልቪን በሚፈታበት መንገድ አይፈታም። ሥራውን ለቆ ሲሄድ ካልቪን የመልካም ጠባይ ምስክርነት ጻፈለት። እስከዚህ ድረስ ጠቡ የጨዋ ጠብ ነበር።

ካስቴሊዮ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ራይን ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ባዝል ከተማ ሄደ። ሁለተኛ ስደት መሆኑ ነው። በዮሐንስ ኦፖሪኑስ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ተቀጠረ፤ ማለት ሌላው የጻፈውን እያነበበ የፊደል ስህተት የሚለቅም ሠራተኛ። ደመወዙ ለዚያ ሁሉ ልጅ አይበቃም። አትክልት ይኮተኩታል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ሌሊት ሌሊት መጽሐፍ ቅዱስን ይተረጉማል። የላቲን ትርጉሙ በ1551፣ የፈረንሳይኛው በ1555 ታተመ። ፈረንሳይኛውን ሆን ብሎ በገበሬ አፍ ነው የጻፈው። ሊቃውንቱ ከግሪክ እንዳለ የሚወስዱትን «ሆሎኮስት» የሚለውን የመሥዋዕት ስም ትቶ «ማቃጠል» ከሚለው ተራ ግስ የተወለደ ስም አወጣለት። የተማሩት ሳቁበት። እኔ በበኩሌ ያንን ቃል እወደዋለሁ፤ እናቱ ብታነበው ትረዳው ነበር።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ማገዶ የለም። ራይን ሲሞላ ከላይ ከተራራው ግንድና ቅርንጫፍ እየጠረገ ያመጣል፤ የባዝል ድኻ ወንዙ ዳር ቆሞ በሜንጦ እየጎተተ ያወጣል። ካስቴሊዮም ሜንጦ ይዞ ከነሱ ጋር ይቆም ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሌላ ሰው ልሻገር። ሚጌል ሰርቬቶ የስፔን ተወላጅ ሐኪም ነው፤ ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ አስቀድሞ ያተመ እሱ ነው። ነገር ግን ስለ ሥላሴ የሚነገረውን ትምህርት አልቀበልም አለ፤ የሕፃናትንም ጥምቀት ተቃወመ። በዚህ ነገር ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አይምሩትም። ስሙን ለውጦ ፈረንሳይ ውስጥ በቪየን ከተማ (የኦስትሪያዋ ቪየና አይደለችም) ሲያክም ኖረ፤ በ1553 መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን በስውር አሳተመ። ጄኔቫ የሚኖር አንድ ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ስደተኛ ለካቶሊክ ዘመዱ ወደ ሊዮን ጻፈ፤ እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ መናፍቅ ተቀምጧል አለ። ማስረጃ ቢጠየቅ ሰርቬቶ ቀደም ሲል ለካልቪን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ከካልቪን ተቀብሎ ላከ። ልብ በሉ፤ የፕሮቴስታንት ስደተኛ እሱን ራሱን ቢያገኘው ለሚያቃጥለው የካቶሊክ መርማሪ ፍርድ ቤት ማስረጃ አቀበለ።

ሰርቬቶ ቪየን ውስጥ ታሰረ፤ ከእስር ቤቱ አመለጠ። ሰውየው ስለታጣ በሰኔ ወር ምስሉን ከመጻሕፍቱ ጋር አቃጠሉት። እሱ ሲሸሽ ሲሸሽ ነሐሴ ላይ ጄኔቫ ገባ። ለምን በዚያ በኩል እንዳለፈ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አወቁትና ያዙት። የከሰሰው የካልቪን ጸሐፊ ኒኮላ ደ ላ ፎንቴን ነው፤ እሱም ፈረንሳዊ ስደተኛ። የጄኔቫ ሕግ ከሳሽም ከተከሳሽ ጋር ይታሰር ይል ስለነበር፣ ዋስ እስኪገኝለት ድረስ ሁለቱ ስደተኞች አብረው ታሰሩ። የፈረዱት ዳኞች ግን የከተማው ተወላጆች ነበሩ፤ ይህንን ለፍትሕ ስል እጽፋለሁ። ሌሎች የስዊስ ከተሞችም ተጠይቀው ጥፋቱን አረጋገጡ። ካልቪን ሞቱን ቢፈልግም በእሳት ሳይሆን በሰይፍ እንዲሆን ጠይቆ ነበር፤ አልሰሙትም። ጥቅምት 27 ቀን 1553 ከከተማው ወጣ ብሎ ሻምፔል በተባለው ኮረብታ ላይ አቃጠሉት።

ይህን ታሪክ ከሰዓት በኋላ ዳስ ሥር ለማስተምራቸው ልጆች ስነግራቸው አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ካቶሊኮቹ ሥዕሉን፣ ፕሮቴስታንቶቹ ሰውየውን አቃጠሉ ማለት ነው?» አለችኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ባጭሩ ያስቀመጠልኝ ተማሪ አልነበረም።

ካስቴሊዮ ያን ጊዜ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግሪክ ቋንቋ መምህር ሆኖ ተሹሞ ነበር። ገና እንጀራው መስተካከሉ ነው። ዝም ቢል ማንም አይነካውም። በመጋቢት 1554 ማርቲኑስ ቤሊዩስ በሚል የብዕር ስም አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ መናፍቃን ሊሳደዱ ይገባልን? የሚለውን ጥያቄ የሚመረምር ነው። የታተመበትም ከተማ በሐሰት ማግደቡርግ ተብሎ ተጻፈ። መጽሐፉ የቀድሞ አባቶችን፣ የሉተርን የወጣትነት ጽሑፍ፣ ካልቪን ራሱ ገና ተሳዳጅ ሳለ የጻፈውን ጭምር አሰባስቦ፣ ሁላችሁም ደካማ በነበራችሁበት ጊዜ ሰው በእምነቱ አይገደል ትሉ ነበር የሚል ነው። መናፍቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው፣ ከእኛ ጋር የማይስማማውን ሰው የምንጠራበት ስም ሆኖ ነው። በአንዱ ከተማ እውነተኛ አማኝ የተባለው በሚቀጥለው ከተማ መናፍቅ ይባላል፤ ስለዚህ በሰላም መኖር የሚፈልግ መንገደኛ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ገንዘቡን እንደሚመነዝር ሁሉ ሃይማኖቱንም መመንዘር ሊኖርበት ነው ይላል። ሦስት አገር አቋርጦ እዚህ የደረሰ ሰው ይህን ምሳሌ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ካልቪን ሰርቬቶ የተገደለበትን ምክንያት የሚከላከል መጽሐፍ ስላወጣ፣ ካስቴሊዮ ለእሱም ነጥብ በነጥብ መልስ ጻፈ። ሰውን መግደል ትምህርትን መጠበቅ እንዳልሆነ፣ መግደል መግደል ብቻ እንደሆነ የተከራከረው በዚህ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን የሚያትመው አላገኘም። የብዕር ስሙም ብዙ አልሸፈነውም፤ ጄኔቫ ውስጥ ማን እንደጻፈው ወዲያው ጠረጠሩ።

ያን ጊዜ ነው ወደ ማገዶው የሄዱት። በ1558 ከጄኔቫ በወጣ አንድ ጽሑፍ ካልቪን፣ አንተ ሜንጦ ይዘህ ቤትህን ለማሞቅ እንጨት ስትሰርቅ የኖርክ ነህ ሲል ካስቴሊዮን ወነጀለው። አስቡት፤ ስለ ሥላሴ፣ ስለ እግዚአብሔር ምርጫ፣ ስለ ሕግና ስለ ሰይፍ የተጀመረው ክርክር የድኻ ምድጃ ላይ መጥቶ አረፈ። ካስቴሊዮ የሰጠው መልስ ራሱ «ሜንጦ» የሚል ርዕስ አለው። ወንዙ የሚያመጣው እንጨት የማንም እንዳልሆነ፣ በቀን በአደባባይ ከብዙ ሰው ጋር እንዳወጣው፣ ያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን በመተርጎም ላይ ስለነበረ ሥራውን ከማቋረጥ መቸገርን እንደመረጠ ሳይቆጣ ያስረዳል። ይህንን ክፍል ያነበብኩ ቀን ሌላ ገጽ መግለጥ አልቻልኩም።

ለምን ቢሉ፣ ባለፈው በጋ በብሎካችን የሆነውን ስለማውቅ ነው። አንዲት እናት የምትጸልይበትን ቦታ ለወጠች። ከየት ወደ የት እንደሄደች አልጽፍም፤ ብጽፍ ግማሻችሁ ታጨበጭባላችሁ፣ ግማሻችሁ ገጹን ትገለብጣላችሁ። መጀመሪያ ቡና መጥራት ተዉ። ቀጥሎ ቦኖ ላይ ጀሪካኗን ከሰልፉ ገለል አደረጉባት። ልጆቿን ልጆቻችን መቱ። እሷ ቻለችው። አንድ ቀን ግን ከደጃፏ የተከመረው እንጨት የሰው እንጨት ነው ተባለ። ሁላችንም እንደምናውቀው እዚህ አገር ደረቁ ወንዝ በዓመት አንዴ ሁለቴ ጎርፍ ሲያወርድ የዛፍ ስብርባሪ በአሸዋው ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ከካምፕ ርቆ መልቀም ከአገሬው ሰው ጋር ስለሚያጣላ ያ የወንዝ እንጨት ለሴቶቻችን እንደ መና ነው። ሴትዮዋ ማለዳ ቀድማ ሄዳ ለቀመች፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እንጨቴ ጠፋ የሚል ሰው ቢፈለግ አንድም አልተገኘም። ያም ሆኖ «ሌባ» የሚለው ቃል አልተመለሰም። በመጨረሻ ወደ ሌላ ብሎክ ልዛወር ብላ አመለከተችና ሄደች። ሦስተኛ ስደቷ ነው። ሽማግሌዎቹን አልወቅስም፤ የተጠየቁትን መርምረዋል። ማንም ያልጠየቃቸው፣ ቡናው ለምን እንደቀረ ነው።

ሙስሊም ወገኖቼ «ይህ የክርስቲያኖች ጠብ ነው፣ እኛን ምን ያገባናል?» እንዳትሉኝ። ያቺ ቦኖ የሁላችንም ናት።

ጠያቂዬ ስለ ካቶሊኮቹ የጠየቁትን ደግሞ አልዘነጋሁም፤ ያ መልስ እኛ አገር ድረስ መጥቷልና። ካስቴሊዮ ባዝል ውስጥ የማተሚያ ወረቀት ሲያርም በነበረበት በዚያው ዘመን፣ በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ገዳም አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር። በኢማም አሕመድ ዘመን ጦርነት ከአገር የወጡ ናቸው። በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ሮማ ያን ጊዜ ለፕሮቴስታንቶች መልስ ስታዘጋጅ ነበረችና የሩቅ አገር ክርስቲያኖችን ወዳጅነት ትፈልግ ነበር፤ እርዳታው ንጹሕ ፍቅር ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ቢሆንም በዚያ እርዳታ ፊደላችን ታተመ። የረዳን ሰው ሌላም ሐሳብ ሊኖረው እንደሚችል እዚህ ካምፕ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከዚያ ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው መጡ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ በትዕግሥት እያስረዳ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ አገኘ፤ ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በእሱ እግር የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ በዓላቱ በሮማ ቀን ይሁኑ አለ። የላስታ ገበሬ ተነሣ። በ1632 በተደረገው ጦርነት በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው ረገፈ፤ የወደቀው ከሁለቱም ወገን የአገሩ ሰው ነበር። ሱስንዮስ ያሸነፉትን ጦርነት አይተው፣ በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ደግሞ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባረሩ። በነሱ እምነት የጸኑ ኢትዮጵያውያንም ሲሳደዱ ተሳዳጁ ወገን ተቀየረ እንጂ ስደቱ አልቀረም።

ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ ይበቃል፤ የቀረኝ ግማሽ ገጽ ነው፤ ለመምህሩ ልስጠው።

በ1562 ፈረንሳይ ውስጥ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ካስቴሊዮ ለትውልድ ቋንቋው ሰዎች ምክር ጽፎ ላከ። ለሁለቱም ወገን ነው የጻፈው፤ ሁለቱንም አንዱ የሌላውን ኅሊና ማስገደዱን እንዲተው ለመነ፤ ሁለቱም አልወደዱለትም። ጦርነቱም እየቆመ እየተነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። እሱን ግን ከጄኔቫ የመጣ የኑፋቄ ክስ ባዝል ውስጥ ጠብቆት ነበር። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ሳለ ታኅሣሥ 29 ቀን 1563 በ48 ዓመቱ ሞተ። የታመመ፣ የደከመ ሰው ነበር።

ያ ለካልቪን የጻፈው መልስ 58 ዓመት በእጅ ጽሑፍ ብቻ ኖሮ በ1612 ሆላንድ ውስጥ ታተመ። በመጨረሻ ዓመቱ የጻፈው፣ ሰው የቱን ማመን፣ የቱን መጠራጠር እንዳለበት የሚመረምረው ሥራው በሙሉ ለኅትመት የበቃው ደግሞ ገና በ1981 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ የሆላንድ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ቤት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ነበር። በ1936 ስቴፋን ዝዋይግ የተባለው ኦስትሪያዊ ደራሲ ስለ ካስቴሊዮና ስለ ካልቪን መጽሐፍ አወጣ። እሱም ያን ጊዜ ይሁዲ በመሆኑ መጻሕፍቱ ጀርመን ውስጥ የተቃጠሉበት፣ እንግሊዝ አገር የተጠጋ ስደተኛ ነበር። ካልቪን ላይ እጁ ከብዷል የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። እኔ ካስቴሊዮን መጀመሪያ ያወቅሁት በዚያ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። አሁን ከእኔ ጋር የለም፤ በጉዞ ላይ ቀርቷል። ከእናንተ መካከል ያለው ወይም ያየው ሰው ቢኖር ለአዘጋጆቹ ያሳውቅልኝ፤ ለቅጂው ወረቀት እኔ እፈልጋለሁ፣ የሚገለብጡ ልጆችም አሉኝ።